ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት፦ መንገድ ሲዘጋጋ ጌጁ ስለሚወጣ የ1991 ኮሮላ

ጥያቄው የቀረበው በፈረንጆቹ 1991 ስለተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ባለ 1.6 ሊትር፣ ካርቡሬተር ያለው፣ 4ኤ-ኤፍ የሚባለው ሞተር። ጠያቂው ምልክቶቹን በሥርዓት ዘርዝሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት መንገዱ ሲዘጋጋ የሙቀት ጌጁ ከግማሽ አልፎ ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ መኪናው ነፋስ ሲያገኝ ይመለሳል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሪዘርቩ (ከራዲያተሩ የሚተርፈውን ውሃ የሚይዘው ዕቃ) ውስጥ ውሃው ይንተከተካል፤ አንዳንዴም ገንፍሎ ይፈስሳል። በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድላል፤ ጠዋት ከሥሩ ግን ጠብታ አይታይም። መካኒኩ ከሁለት ወር በፊት ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ዘግቶ የሚይዘውን ቫልቭ) አውጥቶ ጥሎታል። አሁን ደግሞ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር አይቶ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ብሎክና ከላዩ በሚገጠመው ክፍል፣ በቴስታታው፣ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል ብሏል። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ ግቢው ውስጥ ምን ምን ማረጋገጥ ይችላል?

በዚሁ የውይይት ክር 21 መልሶች መጥተዋል። ተራቸውን ጠብቄ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ፍሬ ባለው ላይ እቆያለሁ፣ ሌላውን ባጭሩ አልፋለሁ።

1ኛው መልስ ትሁት ነው። ምርመራው ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ይጀመር ይላል፤ የጋለ ራዲያተር ሲከፈት ግፊቱ በአንዴ ስለሚወርድ ውሃው እዚያው ፈልቶ የከፈተው ሰው ፊት ላይ ይተፋል። ቀጥሎ መኪናው የሚግለው መቼ እንደሆነ መለየት እንደሚቀድም ያስረዳል። ቆሞ ወይም እያዘገመ ከጋለ ጥርጣሬው ወደ አየሩ ነው፤ ፋኑ፣ የፋኑ ዙሪያ መከለያ፣ በጭቃና በነፍሳት የታፈነ የራዲያተር ፊት። በፍጥነት ወይም ዳገት ላይ ከጋለ ወደ ውሃው ዝውውር ነው፤ ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ፣ ክንፉ በዝገት የተበላ የውሃ ፓምፕ፣ ሞተሩ ሲጮህ ወደ ውስጥ ተስቦ የሚጣበቅ የራዲያተሩ የታችኛው ጎማ (የውሃ ቱቦው)። በሁለቱም ሁኔታ ከጋለ ወይ ውሃ ጎድሏል፣ ወይ ግፊት አይያዝም።

2ኛው አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ጋስኬት ነው፤ ይከፈት፣ ጊዜ አይባክን ይላል። ምክንያት አልጨመረም።

3ኛው፣ በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ፣ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ዞሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከ91 በታች፣ ባሕር ዳር ላይ 94 አካባቢ። የዚህ ኮሮላ የፋን ሴንሰር ግን ፋኑን የሚያስነሳው ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ ይፈላል። ጤነኛው ባለ 0.9 ክዳን (ቁጥሩ የሚይዘው ግፊት ነው፣ በባር ገደማ) የመፍያውን ነጥብ አዲስ አበባ ላይ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ደግሞ ወደ 118። ያው መኪና፣ ያው ያረጀ ክዳን፣ ቆላ ላይ ሳይታወቅበት ደጋ ላይ የሚገነፍለው በዚህ ነው። መሞከሪያውም ቀላል ነው። ሪዘርቩ ላይ ጠዋት ሞተሩ እንደበረደ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግ፣ ማታ ሞተሩ እንደጋለ ሌላ ምልክት፣ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይታይ። ጤነኛ ከሆነ ሲግል ይወጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይሳባል። ሪዘርቩ ሞልቶ እያደረ ራዲያተሩ ከጎደለ ክዳኑ አይመልስም ማለት ነው። ክዳኑ ሁለት ሥራ አለው፤ ትልቁ ስፕሪንግ ግፊት ይይዛል፣ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን ከሪዘርቩ ታስመልሳለች። ትንሿ ከደረቀች ወይ ውሃው አይመለስም፣ ወይ ጠዋት የላይኛው ጎማ ተጨምድዶ ይገኛል።

4ኛው በ3ኛው ይስማማል፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ያክላል። ክዳን ሁሉ አንድ አይደለም። ገበያ ላይ 0.9፣ 1.1 እና 1.3 የተጻፈባቸው ይሸጣሉ፤ የአንገታቸው ጥልቀትም ይለያያል። 1.3 የተሻለ ነው ብሎ የገዛ ሰው የሠላሳ ዓመት ራዲያተር ስፌት ወይም ዳሽቦርድ ሥር ያለውን የማሞቂያውን ትንሽ ራዲያተር ያፈነዳል። ለዚህ መኪና 0.9 የተጻፈበት ይገዛ። የራዲያተሩ አንገት ውስጥ የክዳኑ ጎማ የሚያርፍበት ጠርዝም በጣት ይዳሰስ፤ ከተቦረቦረ አዲስ ክዳንም አይይዝም።

5ኛው ክሩን ወደ ጠብ ወሰደው። አገራችን ሞቃት ስለሆነ ቴርሞስታት አያስፈልግም፣ ታክሲው ሁሉ ያለሱ ነው የሚሄደው ይላል።

6ኛው የመለሰው በቁጣ ነው፤ ቁጣው ቢቀንስ ደግ ነበር፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ሲከፈት የላይኛው የራዲያተሩን መንገድ ይለቃል፤ በዚያው ቅጽበት የታችኛው ሳህን ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ፓምፑ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ከተጣለ አቋራጩ ለዘለዓለም ክፍት ይሆናል፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ እየተመለሰ ይሽከረከራል። ስለዚህ ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ መኪና ጠዋት አልሞቅ ይላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይግላል። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሠራ ቤንዚን ይበላል፣ በዘይቱ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበትም አይተንም። እዚህ ላይ 6ኛው ትልቁን ነጥብ አነሳ። መካኒኩ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያየው ወተት የዚያ እርጥበት ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ቴርሞስታት ያወጣ ሰው ራሱ የፈጠረውን ምልክት ለጋስኬት ማስረጃ እያደረገ ነው። መታየት ያለበት የዘይት መለኪያው ዘንግና ዘይቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚወጣው ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ወተት ካልመሰለ የክዳኑ ሥር ወተት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

7ኛው የቴርሞስታት መፈተሻውን አስተማረ፦ በገመድ አንጠልጥሎ ድስት ውስጥ መንከር፣ ቴርሞሜትር አብሮ ማስገባት፣ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መከፈት መጀመሩን ማየት፤ በ95 ዲግሪ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ መከፈት አለበት። 8ኛው ወዲያው በትሕትና አረመው። አዲስ አበባ ውስጥ በምድጃ ላይ ያለ ክፍት ድስት 95 ዲግሪ አይደርስም፤ በ92 ፈልቶ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ 8 ሚሊ አልሞላም ተብሎ ደህና ቴርሞስታት እንዳይጣል። በ84 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ከጀመረ፣ ውሃው ሲፈላ በግልጽ ሰፍቶ ከታየ፣ ወጥቶ ሲበርድም ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ይበቃል። ሲገጠም ጠርዙ ላይ ያለችው የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያመልጠው በእሷ በኩል ነው። የጎማ ቀለበቱም አዲስ ይሁን።

9ኛው የፋኑን ነገር አነሳ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ ሽቦውን ማገናኘት፣ ፋኑ ከተነሳ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት ነው ይላል። 10ኛው ይህ ለብዙ የአውሮፓ መኪና እንደሚሠራ፣ ለዚህ ኮሮላ ግን የተገላቢጦሽ እንደሆነ አስረዳ። የድሮ ቶዮታ ሴንሰር ሲበርድ ዝግ፣ ሲግል ክፍት ነው። ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ በራሱ መነሳት አለበት፤ ሽቦውን ማገናኘት ፋኑን ያጠፋዋል እንጂ አያስነሳውም። ይህን የማያውቅ ሰው ደህና የፋን ሞተር ይለውጣል። ሶኬቱ ተነቅሎ ፋኑ ካልተነሳ ፊውዙ፣ ቀጥሎ ሪሌው (የፋኑን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ትንሽ ሳጥን)፣ በመጨረሻ ፋኑ በቀጥታ ከባትሪ ይሞከር። ሶኬቱ ሲነቀል ተነስቶ፣ ሞተሩ ሲግል ግን በራሱ ካልተነሳ ሴንሰሩ ነው፤ ወይም ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ቆሟል። ባትሪ ላይ ሲሞከር የሽቦው አቅጣጫ ይጠበቅ፤ ተገልብጦ የተገናኘ ፋን ወደ ኋላ ይዞርና መኪናው ሲሄድ ከሚገባው ነፋስ ጋር ይጋፋል። ቀጭን ወረቀት በራዲያተሩ ፊት ቢያዝ መሳብ አለበት።

11ኛው ስለ ሚኒባስ ጠየቀ፤ ፋኑ በቺንጋ የሚዞርበት ሞተር እንዴት ይፈተሻል የሚል ነው። እግረ መንገዱን 12ኛው መልሷል። ሞተሩ ግሎ እንደጠፋ ፋኑ በእጅ ሲዞር ከባድ መሆን አለበት፤ እንደ ልብ ከዞረ የፋኑ ክላች ውስጥ ያለው ዘይት ወጥቷል፣ ብዙ ጊዜም መሃሉ ላይ የቅባት ምልክት ይተዋል። በዚያው መልስ ወደ ኮሮላው ተመልሶ የፋኑን መከለያ ጠቀሰ። ያ ፕላስቲክ ለውበት የተሠራ አይደለም። ከሌለ ፋኑ በክቡ ልክ ብቻ ይስባል፤ የራዲያተሩ ጥግና ጥግ ሥራ ፈት ይሆናል፣ መንገድ ሲዘጋጋ ብቻ የሚግል መኪናም ይፈጠራል። ብዙ ኮሮላ ላይ ለሥራ ይወልቅና ሳይመለስ ይቀራል። ራዲያተሩ ሲታጠብ ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይረጭ፤ ከፊት ከተረጨ ቆሻሻው ይበልጥ ይቀረቀራል። በጣም ኃይለኛ ግፊት ከሆነ ደግሞ ስስ የሆኑትን ክንፎች ያጥፋቸዋል።

13ኛው ስለ ውሃ ነው፤ ክሩም ከዚህ ጀምሮ ለጥቂት ጊዜ ከጥያቄው ወጣ። አንዱ የቧንቧ ውሃ ይበቃል አለ፣ ሌላው የታሸገ የመጠጥ ውሃ። 14ኛው ሁለቱንም አረመ፤ የታሸገውም ማዕድን ስላለው በጋለ ብረት ላይ ነጭ ድንጋይ ይጥላል። ትክክለኛው የተጣራው፣ ዲስቲልድ ወይም የባትሪ ውሃ የሚባለው ነው። ይህ መልስ አንድ ሕይወት የሚያድን ማሳሰቢያ ይዟል። የባትሪ ውሃ ስጠኝ ተብሎ ሱቅ ሲጠየቅ አንዳንዱ አሲዱን ያቀብላል፤ አሲድ ራዲያተሩንም አልሙኒየሙንም ይበላል፣ የቀጂውን እጅና ዓይንም ያቃጥላል። ዕቃው ላይ የተጻፈው ይነበብ። የሥርዓቱ ይዞታ 6 ሊትር ገደማ ስለሆነ 3 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚደባለቀው የራዲያተር ፈሳሽ) ከ3 ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ይበቃል፤ ተበርዞ የሚሸጠው ላይ ግን ውሃ አይጨመርም። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ እዚህ ዋና ሥራው ዝገት መከላከልና የመፍያ ነጥቡን ጥቂት ማሳደግ ነው። ያለ ውሃ ንጹሕ ኩላንት መሙላትም ጥፋት ነው፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያንሳልና። ምን እንደሆነ የማይታወቅ አረንጓዴና ቀይ አይደባለቅ፤ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሥርዓቱ ይታጠብ።

15ኛው የጎደለው ግማሽ ሊትር የት ሄደ ወደሚለው መለሰን። ጠብታ አለመታየቱ ፍሳሽ የለም ማለት አይደለም ይላል። ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚያፈስ ቦታ መሬት ሳይደርስ ይተናል። የሚታዩት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ የውሃ ፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፣ ዙሪያዋ ነጭ ወይም የዝገት ዱካ ካለ ፓምፑ እያለቀ ነው፤ የጎማዎቹ ማሰሪያ ሥር፤ የሞተሩ ብሎክ ጎን ላይ ያሉት ክብ የብረት ድፍኖች፣ በተለይ ከጀርባ ያሉት፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበ፣ መስታወቱ በቅባታማ ጉም ከተሸፈነ፣ ጣፋጭ ሽታም ካለ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ፍርዱን የሚሰጠው የእጅ ግፊት መሞከሪያ ነው። ሞተሩ በርዶ፣ ራዲያተሩ ሞልቶ፣ እስከ 0.9 ይነፋ፣ ሩብ ሰዓት ይጠበቅ። ቀስቱ ከወረደና ውጭ ምንም ካልታየ ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሩ በስታርተር ይዙር፤ ውሃ የገባበት ሲሊንደር በቀዳዳው ይተፋል። ሥርዓቱ ያረጀ ስለሆነ ከክዳኑ ልክ በላይ አይነፋ።

16ኛው እውነተኛውን የጋስኬት ምርመራ ጻፈ፤ መካኒኩ ይህን ከመጀመሪያው ቢያደርግ ኖሮ ክሩ ባልተከፈተ ነበር። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ይነሳል፤ የላይኛው ጎማ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ከሆነ ግፊቱ የመጣው ከእንፋሎት አይደለም፣ ከሚቃጠለው ጋዝ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊው ፈሳሽ ነው። በራዲያተሩ አንገት ላይ የሚቀመጥ ብርጭቆ ውስጥ ይደረግና ከውሃው በላይ ያለው አየር በእሱ ውስጥ ይሳባል፤ የሞተር ጋዝ ካለ ወደ ቢጫ ይለወጣል። መጀመሪያ ከአንገቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይቀነስ፤ ኩላንቱ ራሱ ከተሳበ ፈሳሹ ይበላሻል። ሦስተኛው ኮምፕረሽን፣ የየሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት መለካት፣ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የጋስኬት ክፍል ሄዷል። አረፋ ብቻውን አያስፈርድም፤ ውሃ በቅርቡ ከተለወጠ የታሰረ አየርም አረፋ ያወጣልና።

17ኛው የ2ኛው ጸሐፊ መመለሻ ነው፤ ድምፁም ሻክሯል። ጋራዥ ያላዩ ሰዎች በስልክ ሞተር ይጠግናሉ ብሎ ጀመረና፣ ስንት ኮሮላ እንደዚህ ተንገላቶ በመጨረሻ ጋስኬት ሆኖ እንደተገኘ አነሳ። 18ኛው ጋሼ ብሎ ጀምሮ ሳያለሳልስ መለሰ፦ ሰማያዊው ፈሳሽ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ምርመራ ነው፣ ቴስታታ መክፈት ግን ጋስኬት፣ የቶርኖ ቤት ሥራና ቀናት ይጠይቃል፤ ክዳኑ ሳይታይ የሚከፈት ቴስታታ ችግሩ ሳይነካ ተመልሶ ይዘጋል። ግማሹን ግን ተቀበለ። ይህ ሞተር ደጋግሞ ስለጋለ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ምርመራው ጋስኬት ነው ካለ፣ ጋስኬቱን ብቻ ለውጦ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱና በሰያፍ ተደርጎ 0.05 ሚሊ ሜትር ስስ ብረት ሥሩ የሚገባ ከሆነ ቴስታታው መላጥ አለበት። ቡሎኖቹም ከመሃል ወደ ዳር፣ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት ይጠበቁ።

19ኛው ጠቡን ለማብረድ ይመስላል ስለ ዓባይ በረሃ ጻፈ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ከሺህ ሜትር በላይ ያለማቋረጥ ዳገት ነው። ኤሲ ይጥፋ፣ ጌጁ መውጣት ሲጀምር የውስጥ ማሞቂያው በሙሉ ኃይል ይከፈት፤ ትንሽ ራዲያተር ተጨመረ ማለት ነው። በከባድ ማርሽ ሞተሩን ከማስጨነቅ ማርሽ ቀንሶ ፓምፑ ፈጥኖ እንዲዞር ማድረግ ይሻላል። ውሃ ካልፈሰሰ ቆሞ ሞተሩን በዝግታ ማሠራት፣ ውሃ ከፈሰሰ ወዲያው ማጥፋት። ወደ ቀይ የወጣ ጌጅ በድንገት ወደ ታች ከወደቀ ደስ አይበላችሁ፤ ሴንሰሩ ከውሃ ወጥቶ አየር እየለካ ነው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታን ይሰነጥቃል። ከዚህ በኋላ አንድ ሁለት ሰዎች በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ኮሮላን መንከባከብ ግዴታ ሆኗል፣ ኤሌክትሪክ ይሻላል ወደሚል ሄደው ነበር። የብዙ ኤሌክትሪክ መኪኖችም ባትሪ በኩላንት እንደሚቀዘቅዝና አምራቹ ካዘዘው ውጭ እንደማይሞላበት ተነግሯቸው ነገሩ ቆመ።

20ኛው ራሱ ጠያቂው ነው። ያገኘውን አንድ በአንድ አስቀምጧል። ክዳኑ 0.9 ነው፤ ጎማው ግን ተሰነጣጥቋል፣ ሪዘርቩም ሌሊት አልተሳበም። ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ ተነስቷል፣ ሞተሩ ሲግልም በራሱ ይነሳል፤ የፋኑ መከለያ ግን የለም። ሩብ ሰዓት ግፊት ተይዞ ቀስቱ ጥቂት ወርዷል፤ የፓምፑ ቀዳዳ ሥር የዝገት ዱካና እርጥበት ታይቷል። ሰማያዊው ፈሳሽ ሰማያዊ እንደሆነ ቀርቷል፤ የዘይቱ ዘንግ ንጹሕ ነው። አዲስ ክዳን፣ ባለ 82 ዲግሪ ቴርሞስታትና ፓምፕ ገዝቷል፣ መከለያውን ከአሮጌ ዕቃ ተራ እየፈለገ ነው። ሲሞላ አየሩን እንዴት ያውጣው?

21ኛው መለሰለት። የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ይቁም፣ የውስጥ ማሞቂያው ወደ ሙቅ ይዙር፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቀስ ተብሎ ይሞላ፤ በችኮላ ከተሞላ አየሩን ሥሩ ይቀብረዋል። ሞተሩ ተነስቶ በዝግታ ይሥራ፤ የላይኛው ጎማ እየተጨመቀ ይለቀቅ፣ አረፋው እስኪያልቅ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ደረጃው ዝቅ ይላል፣ ያኔ ይሞላና ከመፍላቱ በፊት ይከደን። ዳሽቦርዱ ሥር የሚንኮሻኮሽ የውሃ ድምፅ ከተሰማ አየር ቀርቷል። በሚቀጥሉት ሁለት ጠዋቶች ራዲያተሩም ሪዘርቩም ይታዩ፤ አዲሱ ፓምፕ ቺንጋው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታው ቶሎ ስለሚሄድ ውጥረቱም ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይፈተሽ።